የወር አበባ መዛባት የሐኪም እንጂ የሐሜት ጉዳይ አይደለም

ይህች ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ፈተናና ስለ ሀገር ጉዳይ ስትጽፍ አንባቢዎቿ ለምደዋታል። በዛሬው ርእሰ አንቀጽ የምናነሣው ነገር ግን በሴቶች መኝታ ቤት እንኳ በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር የማይነገር ነው። ይኸውም ከእኅቶቻችን ብዙዎቹን የሚያስጨንቀው የወር አበባ መዛባት፣ በተለይም ከምክንያቶቹ ዋነኛ የሆነውና ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም፣ ባጭሩ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. የሚሉት የጤና መታወክ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሴቶች ምስጢር ነው፤ የተማሪዎች ማኅበርን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች ከዐሥሩ አንዷ ያህል ይህ ችግር እንዳለባት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከእነዚህም መካከል የሚበዙት ችግራቸው ምን እንደ ሆነ ተመርምሮ አልተነገራቸውም። ስምንትና ዐሥር እኅቶች ባንድ ክፍል በሚያድሩበት ግቢ ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ያስላው። ከዐሥር ተማሪ አንዱን የሚነካ ነገር የማኅበሩ ጉዳይ ካልሆነ የማኅበሩ ጉዳይ ምን ሊሆን ነው?

ለመሆኑ ሕመሙ ምንድን ነው? ሐኪሞች የሚመለከቷቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የወር አበባ መራቅ ወይም መቅረት ነው። ሁለተኛው በሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ሊገኝ የሚገባው አንድሮጅን የሚባለው ሆርሞን መብዛት ነው፤ ይህም በአገጭ፣ በላይኛው ከንፈር፣ በደረትና በሆድ ላይ በሚበቅል ጠጕር፣ በማይለቅ ብጉር፣ አንዳንድ ጊዜም በራስ ጠጕር መሳሳት ይታወቃል፤ በደም ምርመራም ይገኛል። ሦስተኛው እንቁላል የምታፈራው ኦቫሪ በአልትራሳውንድ ስትታይ በርካታ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዛ መገኘቷ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሆላንድ ከተማ በሮተርዳም የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የተገኙባት ሴት ሕመሙ አለባት እንድትባል ተስማምተዋል።

ስሙ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከረጢቶቹ እንደ ዕባጭ ተቈርጠው የሚወጡ፣ ወደ ነቀርሳም የሚለወጡ ነገሮች አይደሉም። እያንዳንዳቸው አንዳንድ እንቁላል የያዙ፣ ማደግ ጀምረው ከመንገድ የቀሩ ቤቶች ናቸው። በደኅና ወር ከእነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይበስልና እንቁላሉን ይለቃል። በዚህ ሕመም ጊዜ ግን ሁሉም በእንጭጩ ይቀራሉ። እንቁላል ካልተለቀቀ ደግሞ የወር አበባ ቀኑን ጠብቆ አይመጣም።

ነገሩ ለሕክምና አዲስ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) ስታይንና ሌቨንታል የሚባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ሰባት ሴቶችን መርምረው ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ያገኙት ሕክምና ቢላዋ ነበር፤ ከኦቫሪው ከፊሉን ቈርጠው ሲያወጡ የሴቶቹ የወር አበባ ተመለሰ፤ ከሰባቱም ሁለቱ ፀነሱ። በ1961 ዓ.ም. ፌሪማንና ጋልዌይ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪሞች የጠጕሩን ብዛት በየአካሉ ክፍል እያዩ ነጥብ የሚሰጡበትን መለኪያ አወጡ፤ ይህም መለኪያ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ በቴኔሲ የሚሠሩ የአሜሪካ ሐኪሞች በእነዚህ ሴቶች ደም ውስጥ ኢንሱሊን በዝቶ እንደሚገኝና ከአንድሮጅኑ መብዛት ጋራ እንደሚያያዝ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የማሕፀንና የኦቫሪ ብቻ ሳይሆን የመላው ሰውነት ጉዳይ መሆኑ እየታወቀ ሄደ።

ይህ የኢንሱሊን ነገር የጠቅላላው ምስጢር ቍልፍ ስለ ሆነ ጥቂት እናብራራው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሥራውም ከምግብ ወደ ደም የገባውን ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው ሰውነት ማስገባት ነው። በብዙዎቹ የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ዘንድ ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ በቀላሉ አይሰማም። ቆሽትም ትእዛዙን ለማሰማት ሲል አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንድ ወገን ኦቫሪ አንድሮጅን እንድታበዛ ይገፋፋታል። በሌላ ወገን ጉበት የሚሠራውን፣ አንድሮጅንን በደም ውስጥ አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። በዚህም ላይ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ኤል.ኤች. የሚባለውን ሆርሞን ከመጠን በላይ ስትልክ፣ ኦቫሪ ከሁለት ወገን ትገፋለች ማለት ነው። እንግዲህ በፊት ላይ የታየው ጠጕር፣ የቀረው የወር አበባና ለመቀነስ ያስቸገረው ክብደት ሦስት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

የሥሩ ሥርስ ምንድን ነው? ትልቁ ድርሻ የትውልድ ነው። እናቷ ወይም እኅቷ ይህ ችግር ያለባት ልጅ ከሌላው ይልቅ ይደርስባታል። በሆላንድ በመንትያዎች ላይ የተደረገውና በ2006 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም ይህንኑ አጠንክሯል፤ ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑት መንትያዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሕመሙን አብረው ይጋራሉ። ስለዚህ ችግሩ ያለባት እኅት ስለ በላች ወይም ስለ ሰነፈች ያመጣችው አይደለም። ቀጭን ሆነው በዚሁ ሕመም የሚቸገሩ ብዙዎች አሉ። «ወፍራም ስለ ሆነች ነው» የሚለው ፍርድ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ወፍራሟን ያሳፍራል፤ ቀጭኗን ደግሞ «አንቺን አይነካሽም» ብሎ ከምርመራ ያስቀራታል።

ታዲያ አኗኗራችን ምንም አያደርግም ማለት ነውን? አይደለም። አኗኗር ሕመሙን ከምንም አይፈጥረውም፤ ነገር ግን ሊያባብሰውም ሊያበርደውም ይችላል። እዚህ ላይ የግቢ ኑሮአችንን ልብ ብለን እንመልከት። ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ እንሄዳለን፤ ቀኑ ተቀምጠን ያልቃል። በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነስ ነገር ነው። የምግብ ቤቱ ምግብ አልጥም ሲለን ደግሞ ወደ ሱቁ ሄደን በብስኩትና በለስላሳ እንደልላለን። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለው። በዚያ ላይ በቀን ሁለት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ከተጠጣ 24 ግራም ያህል ይጨመራል፤ በድምሩ 54 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ግን በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ በአንድ ጠርሙስና በሁለት ብርጭቆ ብቻ ድንበሩን አለፍን ማለት ነው።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ምግብ አይደለም። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ለዚህ ሕመም ከሌላው የሚበልጥ አንድ ልዩ የምግብ ዐይነት እንደሌለ በግልጽ ያስቀምጣል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ በጾሙም በፍስኩም የምናውቀው ምግብ ነው፤ ከእንጀራው ላይ ወጡንና አትክልቱን ማብዛት፣ ለስላሳውን በውኃ መለወጥ፣ የሻዩን ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ማውረድ የማንንም ኪስ አይጎዳም። ለአዋቂዎች የሚመከረው እንቅስቃሴም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ክብደት የበዛባት እኅት ከክብደቷ ከመቶ አምስት ያህል እንኳ ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል፣ የስኳሯም ሁናቴ ሊሻሻል ይችላል። 70 ኪሎ የምትመዝን ሴት ብትሆን ይህ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው። ክብደቱ ባይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴው ለብቻው ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲሰማ ይረዳል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሊታለፍ አይገባም። ራስን በረኃብ መቅጣት መድኀኒት አይደለም። ከመጠን በላይ የምትራብና በጭንቀት የምትከሳ ልጅም የወር አበባዋ ይቀራል፤ ይህ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. አይደለም፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። የታይሮይድ ዕጢ መታወክና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን መብዛትም የወር አበባን ያስቀራሉ። እርግዝናም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት ከጓደኛ አፍ ወይም ከስልክ ላይ ያገኙትን ምልክት ቈጥሮ «ይህ ሕመም አለብኝ» ብሎ መወሰን አይገባም። መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ያለ ቦታው የሚወረወር ቃል ብዙ ልብ ይሰብራል። የወር አበባ ማየት ከጀመረች ገና ጥቂት ዓመት የሆናት ጤነኛ ልጅ ኦቫሪዋ ብዙ ጥቃቅን ከረጢት ይዞ መታየቱ የተለመደ ነው። ከዚህ የተነሣ ዓለም አቀፉ መመሪያ የወር አበባ ከጀመረ ስምንት ዓመት ላልሞላት ልጅ በአልትራሳውንድ ተመርኵዞ ሕመሙ አለ እንዳይባል ይከለክላል። በ13 ዓመቷ የጀመረች ልጅ እስከ 21 ዓመቷ ድረስ በዚህ ውስጥ ናት፤ ይኸውም የግቢ ዘመኗ ሁሉ ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የአልትራሳውንድ ወረቀት ተሰጥቷት «መካን ነሽ» ተብላ እያለቀሰች ብትመለስ፣ የተነገራት ነገር ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። በአንድ በኩል ወረቀቱ ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል ሕመሙ በእርግጥ ቢኖርባትም መካን አይደለችም። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ያለ ምንም ርዳታ ይወልዳሉ፤ ለሚዘገይባቸውም እንቁላል የሚያስለቅቁ እንክብሎች አሉ፤ ከእነርሱም ሌትሮዞል የሚባለው ዛሬ በቅድሚያ ይታዘዛል። ልጅ መውለድ የሴት ክብር ሁሉ መለኪያ ተደርጎ በሚቈጠርበት ሀገር ይህን እውነት አለመንገር ጭካኔ ነው።

ሕመሙ አይገድልም ተብሎ ቸል ይባል ዘንድም አይገባም። የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲቀር የማሕፀን የውስጥ ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ይህም ከብዙ ዓመት በኋላ የማሕፀን ነቀርሳ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። ከዚህም በቀር የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ስኳር በእነዚህ ሴቶች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛሉ። ጭንቀትና የመንፈስ መጨለምም እንዲሁ። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሲታወቅ መከላከል ይቻላል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ለዚህ ነው።

ታዲያ እኅቶቻችንን ከሐኪም ደጃፍ የሚያስቀራቸው ምንድን ነው? አንደኛው ፍርሃት ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ ገና ሳትመረመር ክፍሉ «ፀንሳለች» ብሎ ይፈርድባታል። ሁለተኛው መድኀኒቱ ራሱ ነው። ሐኪሞች የወር አበባውን ለማስተካከል፣ ማሕፀንን ለመጠበቅና አንድሮጅኑን ለመቀነስ ብዙ ጊዜ የሚያዝዙት እንክብል ለወሊድ መቈጣጠሪያ የሚውለው ያው እንክብል ነው። አንዲት እኅት ይህን እንክብል በሣጥኗ ይዛ ስትገኝ ስሟ ከመኝታ ቤት መኝታ ቤት ይዞራል። ለሕመሟ የታዘዘላትን መድኀኒት ከሐሜት ለመሸሽ ሽንት ቤት የምትጥል ልጅ ካለች፣ በሕመሟ ላይ ጥፋተኛው ማን ነው? ሦስተኛው ደግሞ ከአንዳንድ ባለሙያ ዘንድ ሳይቀር የሚሰማው «ስታገቢ ይስተካከላል፤ ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ማባበያ ነው። ጋብቻ የሆርሞን መድኀኒት ሆኖ አያውቅም።

እምነት ያላትን እኅት ጠበሉን ተዪ አንልም። ጠበሉንም ተጠመቂ፤ ሐኪሙም ዘንድ ሂጂ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የምንቃወመው በዛር፣ በመተትና በሰው ዐይን እያመካኙ ዓመት ከዓመት ማሳለፍን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን ከማናችንም ይልቅ አሳጥረው ተናግረውታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

እኅቶቻችን ሆይ፤ የወር አበባችሁ የመጣበትን ቀን በደብተራችሁ ጀርባ ጻፉት። የወር አበባ ከጀመራችሁ ሦስት ዓመት ካለፈና ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ከ35 ቀን የሚበልጥ ወይም ከ21 ቀን የሚያንስ ከሆነ፣ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች ከመጣ፣ ወይም አንድ ጊዜም ቢሆን 90 ቀን ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደብተሩንም ይዛችሁ ግቡ፤ ቀኖቹ ከብዙ ንግግር ይልቅ ለሐኪሙ ያስረዳሉ። እንክብሉንም ሆነ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኀኒት ያለ ትእዛዝ ከመድኀኒት ቤት አትግዙ፤ ከጓደኛም አትዋሱ። ደግሞም የወር አበባ መራቅ እርግዝናን ፈጽሞ የሚከለክል አድርጋችሁ አትቍጠሩት።

የግቢው ክሊኒክ ኀላፊዎችን የምንጠይቀው ከዐቅማቸው በላይ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሴት ባለሙያ የምትገኝበት፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ለዚህ ይመደብ። የደም ግፊትና ክብደት ይለካ፤ የስኳር ምርመራ ይደረግ፤ ከክሊኒኩ ዐቅም በላይ የሆነው ወደ ሆስፒታል ይላክ። የአንዲት ተማሪ ምስጢር በመዝገብ ቤቱ መስኮት በጩኸት አይጠየቅ።

የስፖርት ክፍሉንም እንዲሁ እንለምናለን። ሜዳው ከቀትር በኋላ ሁሉ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ነው። እኅቶቻችን ያለ ፉጨትና ያለ ተረብ የሚሮጡበት፣ የሚራመዱበት ሰዓት በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ ይለይላቸው። «ስፖርት ሥሩ» ብሎ መምከርና ሜዳውን መዝጋት አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ከሕክምና ትምህርት ቤት መምህራን አንዱን ወይም አንዲቱን ጋብዞ ለሴቶችም ለወንዶችም ትምህርት የሚሰጥበት ጉባኤ እንዲያዘጋጅ እናሳስባለን። ለወንዶችም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ባል፣ አባት፣ መምህርና ሐኪም የሚሆኑት እነዚሁ ናቸው።

ወንድሞች ሆይ፤ ከእናንተ የሚፈለገው ከሁሉ የቀለለ ነው። በአንዲት እኅት አገጭ ላይ በታየ ጠጕር አትሣቁ። ጠጕሩ የሆርሞን ሥራ ነው፤ ሣቁ ግን የእናንተ ነው። እርሷ የመጀመሪያውን ለመለወጥ ወራት የሚፈጅ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እናንተ ሁለተኛውን ዛሬውኑ ልትተዉት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም፤ የተማረ ወጣት ነን ስንል ከሌላው ሕዝብ የምንለይበት አንድ ነገር መኖር አለበት። ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን ለፈተና አጥንቶ በመኝታ ቤት ውስጥ በሐሜት የሚኖር ሰው ወረቀት ይዞ ይወጣ ይሆናል እንጂ ተማረ አይባልም። የሆርሞንን ሥራ በክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ያው ሆርሞን አጠገባችን በተኛችው እኅት ሰውነት ውስጥ ሲታወክ ግን ስሙን መጥራት እናፍራለን። ይህ ኀፍረት ማንንም አላዳነም። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዝ እንጠብቃለን፤ ውሳኔውንም በሚቀጥለው እትማችን ለአንባቢዎቻችን እናስታውቃለን።